ከ97 ቀጥሎ ያለው ቁጥር

ሰቆጣ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ዛሬ ገበያ ላይ የቀድሞ ተማሪዬ የለምለም አባት አገኙኝ። ከጎረቤት ወረዳ ከዝቋላ ፍየል ሊሸጡ መጥተው ነው። ልጃቸው አሁንም ዓረብ ሀገር ሰው ቤት ትሠራለች። እጄን ይዘው፣ “መምህር፣ በትምህርቱ አትገፋም ብለው በጊዜ ስለነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ። በከንቱ ስትለፋ ትኖር ነበር” አሉኝ። እኔም አሜን አልኩ!

ቤት ስገባ ያ ቁጥር አላስቀምጥ አለኝ። ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምር፣ 1,000,001 ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም የማይካፈል ብቸኛ ቁጥር ነው ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። መጽሐፉ ጀርባ ባለው ሠንጠረዥ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ሞክሬያለሁ። ሠንጠረዡ 97 ላይ ያልቃል፤ እኔም እዚያው አቆምኩ። እስከ ሺህ መሄድ እንዳለብኝ ጠፍቶኝ አይደለም፣ ሰንፌ ነው።

ለምለም ተነስታ፣ “መምህር፣ ለ101 ይካፈላል” አለች። ክፍሉ ሳቀ። ደብተሯን ልታሳየኝ ስትመጣ “ቁጭ በይ!” አልኳት። በዓመቱ መጨረሻ አባቷ ስለ እሷ ሲጠይቁኝ፣ ክርክር እንጂ ሂሳብ አይሆንላትም፣ በትምህርቱም አትገፋም አልኩ።

ዛሬ ገና ለ101 አካፈልኩት። ድርሻው 9,901፣ ቀሪው ዜሮ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ከ97 ቀጥሎ ያለው ብቸኛ ቁጥር እኮ ራሱ 101 ነው። አንድ መስመር ብቻ ነበር የቀረኝ።

አባቷ ሲሰናበቱኝ፣ “ደውለው ሰላም ይበሏት፤ ዛሬም መምህሬ እያለች ታነሳዎታለች” ብለው ስልክ ቁጥሯን ሰጥተውኛል። ቁጥሩን ከ9,901 ሥር ገልብጬዋለሁ። እስካሁን አልደወልኩም።