ቁልፉን ለኦጁሉ ሰጠሁት

ባለቤቴ ብርቄ፣

ከተለየሽኝ ሰባት ወር ሆነ። ስንቀብርሽ የባሮ ወንዝ ሞልቶ ነበር፤ አሁን ጎድሎ አሸዋው ታይቷል። ክልል ከሆንን ወዲህ ከተማው ውስጥ በየጊዜው አዲስ ቢሮ ይከፈታል። ጤና ጣቢያችን ግን ያው ነው። በአንቺ ቦታ ሌላ አዋላጅ መጥታለች፤ ጎበዝ ናት።

ይህን የማወራሽ ዋናውን ነገር ለማዘግየት ነው። ዋሽቼሻለሁ። ወባው ጭንቅላትሽ ላይ ወጥቶ በተኛሽ ጊዜ፣ ትንሽ ነቃ ብለሽ «ተውከው ወይ?» ስትዪኝ «ትቻለሁ» አልኩሽ። የሕመም ማስታገሻው እንክብል፣ ኮዴይኑ፣ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ከፑኝዶ ስመለስ መኪናው ተገልብጦ እግሬ የተሰበረ ጊዜ ሕመሙን ያስታገሰልኝ የፔቲዲን መርፌ ነው። እግሬ ሲድን መርፌው አልለቀቀኝም። ከምሠራበት መድኃኒት ክፍል ሰርቄ ስወጋ ያገኘሽኝ አንቺ ነሽ። አልጮኽሽብኝም። ለሐኪሙ ብቻ ነግረሽ፣ በመርፌው ፈንታ ኮዴይን በእጅሽ ትሰጪኝ ጀመር፤ ቀስ በቀስም ትቀንሽው ነበር። በቀን ሁለት ፍሬ ላይ ስደርስ ታመምሽ፤ ሞትሽም። ከቀብርሽ በኋላ ሁለቱ ስድስት ሆኑ።

ባለፈው ወር ኮዴይኑ ከጤና ጣቢያው አለቀ። የቀረው የተቆለፈበት ፔቲዲን ብቻ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ እኔ ጋ። በዚያው ጠዋት ወደ ጤና ረዳቱ ወደ ኦጁሉ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩትና ቁልፉን ሰጠሁት። «እኔ ይሄን በሽታ አላውቅም» አለኝ። «ቁልፍ መያዝ ግን እችላለሁ።»

መድኃኒቱ ሲቋረጥብኝ መጀመሪያ የመጣው ማዛጋትና እንባ ነበር። በማግስቱ በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንቤ ተንቀጠቀጥኩ። ሆዴን ቆረጠኝ፤ እግሮቼ አላርፍ አሉ። ጎረቤቶች ወባ መስሏቸው ክሎሮኪን አመጡልኝ። አመስግኜ ተቀበልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ኦጁሉ ቤት ሄድኩ። «አጥንቱ የተሰበረ ሰው መጥቷል፣ ቁልፉን ስጠኝ» አልኩት።

ጫማውን አደረገ። «እሺ፣ አብረን እንሂድ።»

ጤና ጣቢያው ስንደርስ አግዳሚው ላይ ማንም አልነበረም። ኮሌታውን ያዝኩት፣ ኪሱን ለመበርበር ታገልኩት። አቃተኝ። ያኔ እሱንም ወገኑንም ሰደብኩ፤ ስድቡን አልጽፍልሽም። ብትሰሚው ፊትሽን ታዞሪብኝ ነበር።

እጄን ከኮሌታው አላቀቀ። «ስድቡን ነገ እንነጋገራለን» አለ። «አሁን ውሃ ጠጣ።» ጨውና ስኳር በጥብጦ እየሰጠኝ እስኪመሽ አጠገቤ ተቀመጠ።

በማግስቱ እንዳለው መጣ። «ትናንት የሰደበኝ በሽታው ነው ወይስ አንተ?»

በሽታው ማለት ይቀለኝ ነበር። «እኔ ነኝ» አልኩት፤ ይቅርታም ጠየቅሁት። ሾርባ አቀረበልኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ ከወሰድኩ ዛሬ ሠላሳ ቀን አልፏል። እንቅልፌ ተመልሷል። ሥራ ላይ ሳለሁ ማዛጋት ከመጣብኝ ግን እስካሁን ልቤ ይደነግጣል። ለኃላፊያችን ራሴ ነገርኩት። ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ፣ ከመድኃኒት ክፍልም አነሳኝና ክትባት ላይ መደበኝ።

ነገ ለክትባት በጀልባ ወደ ማታር እንሄዳለን። እዚያ ያዋለድሻቸው እናቶች ስለ አንቺ እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። እስካሁን ስምሽ ሲነሳ ከሰው እሸሽ ነበር። ነገ አብሬያቸው ተቀምጬ አወራቸዋለሁ። እንዴት እንደሞትሽ ብቻ ሳይሆን፣ ባልሽን ከምን እንዳወጣሽውም እነግራቸዋለሁ፤ የሚያሳፍረኝንም ሳልደብቅ።