ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ

ውድ አባንግ ማዝላን፣

ይህን ደብዳቤ ለብቻህ አታንብበው። ካክ ሮኪያ ጓዳ ከሆነች ጥራት፤ ተኝታ ከሆነ እስክትነሳ ጠብቅ። ከዚያ ጮክ ብለህ አንብብላት። ከአንተ ይልቅ መስማት ያለባት እሷ ናት። አንተማ ታውቀዋለህ። ሦስት ዓመት ሙሉ እያወቅህ ለማንም ትንፍሽ አላልክም።

እንደ ደብዳቤ ወግ “እኛ ደህና ነን” ብዬ እንዳልጀምር ደህና አይደለንም። ሱራያ ካኮረፈችኝ ሁለት ወር ሊሆናት ነው። “ጨው አቀብለኝ” እና “ልጅቷን ከትምህርት ቤት አምጣት” ንግግር ከተባለ እንነጋገራለን። ዒድን እንዲሁ አሳለፍነው፤ ልጆቹ አዲስ ልብስ ለበሱ፣ እኛ ግድግዳ ግድግዳውን አየን። እኔም ከቄራው ወጥቻለሁ። አሁን ከቢንደሪንግ ወጣ ብሎ ባለው የስንዴ ማከማቻ አካፋ ይዤ እውላለሁ። ማታ ቤት ስገባ ጆሮዬ ውስጥ ሳይቀር አቧራ ነው።

ፐርዝ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበልከን ቀን ከፊቴ አይጠፋም። በዚያች ነጭ መኪናህ ሦስት ሰዓት ስትነዳ፣ ካክ ሮኪያ በሙዝ ቅጠል የጠቀለለችልን ሩዝ ጭናችን ላይ ነበር። በኮኮናት ወተት የበሰለው ሩዝና የበርበሬው ሽታ ሲያውዳት ሱራያ አለቀሰች። ሁለት ሰዓት ከተጓዝን በኋላ እንባዋን ጠርጋ ወደ መስኮቱ ዞረችና ጠየቀችህ።

“አባንግ፣ በዚህ አገር ሰው የሚባል የለም እንዴ?”

“አለ እንጂ፤ ሁሉም በግ ነው። ስታልፊ ሰላም በያቸው፤ አለዚያ ኩሩ ናት ብለው ያሙሻል።”

ልጃችን አይና ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ያልካትን አምና እስክንደርስ ድረስ በመስኮት ለበግ ሁሉ እጇን ስታወዛውዝ መጣች።

ቢላዋ አያያዝ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። እኔ በአገራችን ትሬንጋኑ ውስጥ የወንበር ፋብሪካ ሠራተኛ የነበርኩ ሰው፣ ከበግ ጋር ምን ያገናኘኛል? “አታስፈራው፣ አንተ ስትፈራ እሱም ይፈራል” ትለኝ ነበር። “ቢስሚላህ በጅምላ አይባልም፤ ለእያንዳንዱ ነፍስ ለየብቻ ነው። ቸኮልክ? እንግዲያው አቁም፤ ማሽኑ ይጠብቅ።” የፈረቃ ኃላፊው ግራንት ከላይ ሆኖ፣ “ማዝላን፣ ሠርግ ነው እንዴ የምትደግሰው? ቶሎ በል እንጂ!” ሲልህ፣ “ሠርግ ቢሆን አንተን አልጠራም ነበር” ትለዋለህ። ግራንት ራሱ ይስቅ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት እዚያ ቦታ ላይ ስለቆምክ ማንም ደፍሮ አይናገርህም። አባንግ ስልህ ታላቅ ወንድሜ ማለቴ ነበር፤ ለአፍ ብቻ አልነበረም።

ካክ ሮኪያ፣ ታላቅ እህቴ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ላንቺ ነው የምጽፈው፤ አባንግ በድምፁ ያንብብልሽ።

ያ ዓርብ የየካቲት ሙቀት የበረታበት ቀን ነበር። የእኛ ሰዎች ለጁምዓ ሶላት ሲወጡ የእርዱ መስመር ይቆማል። አንድ ሰው ግን የእኛ ሰዎች ያረዱት ሥጋ ላይ የሚመታውን የሐላል ማኅተም ሳጥን ለመጠበቅ መቅረት አለበት። የዚያን ቀን ተራው የእኔ ሆነ። አባንግ ማዝላን ቁልፉን እጄ ላይ አኑሮ፣ “ስመለስ ትሰግዳለህ” ብሎኝ ሄደ። መኪናዋ ከግቢው እንደወጣች ግራንት መስመሩን አስነሳ። ከሌላው ክፍል ሁለት ሰዎች ጠርቶ ማረድ አስጀመራቸው። ሙስሊሞች አልነበሩም፤ ስለ እኛ ሥርዓትም የሚያውቁት ነገር የለም። እኔ ያ ሥጋ እንደ ሌላው ጊዜ ተለይቶ ወደ ሌላኛው ማቀዝቀዣ የሚገባ መስሎኝ ነበር። በጎቹ ግን በመንጠቆው እየተንጠለጠሉ ወደ እኔ መጡ።

“ሮስዲ፣ ምታቸው” አለ ግራንት።

“እነዚህን የእኛ ሰዎች አላረዷቸውም።”

“አውቃለሁ። ኮንቴይነሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወጣል።”

“ማዝላን ይምጣና እሱን ጠይቀው።”

“ማዝላንን አይደለም የጠየቅኩት፤ አንተን ነው። ሰኞ ለመኖሪያ ፈቃድ የሚላከውን ደብዳቤህን ልፈርም ነው ወይስ ልተወው?”

ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ሱራያ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ደብዳቤው ካልተፈረመ በሁለት ወር ውስጥ ከአገር መውጣት አለብን። ይህን ሁሉ ያሰብኩት በኋላ ነው፤ ሰበብ ስፈልግ። የዚያን ሰዓትማ ምንም አላሰብኩም። ሳጥኑን ከፍቼ ማኅተሙን መታሁ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ መታሁ። የሚያሳፍረው ደግሞ እያንዳንዱን ስመታ “ቢስሚላህ” እል ነበር፤ ከታረደ በኋላ፣ ቆዳው ከተገፈፈ በኋላ!

አባንግ፣ ከመስጊድ ስትመለስ ቁልፉን ሰጠሁህ።

“ምን አዲስ ነገር አለ?” አልከኝ።

“ምንም።”

“በል ሂድ ስገድ፣ ሰዓቱ እንዳያልፍብህ።”

ሄጄ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ተቀመጥኩ። አልሰገድኩም።

ሰኞ ዕለት የእርድ መዝገብህንና የጭነት ወረቀቱን ስታስተያይ ቁጥሩ አልገጥም አለህ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጥክ ቢሮ ወጣህ። “መርከቡን መልሱት!” ስትል እታች ድረስ ተሰማ። መርከቡ ግን ሄዷል። ሥጋው የሚሄደው ደግሞ ወደ እኛው አገር ነው። ሐሙስ ዕለት የሐላል ተቆጣጣሪው ከፐርዝ መጥቶ ሦስታችንን ትንሿ ቢሮ ውስጥ ሰበሰበን። ግራንት ቀድሞ ተናገረ። “ቁልፉ በማዝላን ኃላፊነት ነው። ሌላ ሰው ቁልፍ የለውም።”

አንተ ወደ እኔ ዞርክ። ፊትህ ላይ ጭንቀት አልነበረም፤ እኔ ስላለሁ።

“ሮስዲ፣ ጁምዓ ዕለት ቁልፉ ማን ጋ ነበር? ንገራቸው።”

“እኔ እንጃ። ሁልጊዜ አንተ ጋ ነው።”

ካክ ሮኪያ፣ የተናገርኩት እነዚህን ቃላት ነው። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ባልሽ በመስታወቱ አሻግሮ ወደ ማሸጊያው ክፍል አየ። ሱራያ በአንድ እጇ ወገቧን ደግፋ ካርቶን ታጥፍ ነበር። ጥቂት አያትና ወደ ተቆጣጣሪው ዞሮ፣ “እንግዲያው እኔ ጋ ነበር” አለ።

“ለምን አልተከራከርክም?” እያልሽ ስትጠይቂው እንደኖርሽ እገምታለሁ። መልሱ ይኸው ነው። ሚስቴን አይቶ ነው ዝም ያለው።

የአራጅነት ካርዱን ቀሙት። ከተማው ውስጥ የሆነውን እናንተው ታውቁታላችሁ። ሽማግሌው ፓክ ኡሶፍ መስጊዱ በር ላይ፣ “የገዛ እናቶቻችን ድስት ውስጥ ነው ሐራም የከተተው!” እያለ ጮኸ። በሶላት ረድፉ ላይ አባንግ በቆመበት ግራና ቀኝ ቦታ ክፍት ይቀር ጀመር። እኔ ከሁለት ረድፍ ኋላ ሆኜ ያንን ክፍተት አይ ነበር፤ አንድም ቀን ሄጄ አልሞላሁትም።

ሉክማን የተወለደ በሳምንቱ ደግሞ አንቺ መጣሽ። ሱራያን እንደ አገራችን ወግ አርባ አራቱን የአራስነት ቀን ላርሳት ብለሽ ቃል ገብተሽላት ነበር፤ እናቷ በሌለችበት አገር። የዝንጅብል ቅባትሽንና ምግብሽን ይዘሽ በሩን አንኳኳሽ። ሱራያ ወሬውን አምናለች፤ “አልከፍትም” አለች። አንቺ ደጋግመሽ አንኳኳሽ። “ሱራያ፣ እኔ ነኝ፣ ሮኪያ ነኝ” ስትይ እሰማ ነበር። ተነስቼ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመርኩ።

በሐምሌ ዝናብ ከተማውን ለቃችሁ ወደ አገራችን ስትመለሱ ሻንጣ ሊሸከም የመጣው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰዉ በኋላ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? “ሮስዲ ለበደለን ሰው እንኳ ደግ ነው” ብለው አመሰገኑኝ። አባንግ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቆሞ፣ “ልጁን ማን አላችሁት?” አለኝ። “ሉክማን” አልኩት። “ጥሩ ስም ነው” አለና ገባ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ቀና። የመኖሪያ ፈቃዱ መጣ። የአባንግን ቦታ ለእኔ ሰጡኝ፤ ሳጥኑንም፣ ቁልፉንም። ቤት ተከራየን፣ ሱራያ ጓሮው ውስጥ ጠጅ ሣር ተከለች፣ አይና እንግሊዝኛዋ ከአስተማሪዎቿ በለጠ። ሰው ሲያየን ተሳካላቸው ይላል። እኔ ግን መንገድ ላይ ነጭ መኪና ባየሁ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

በዚህ ረመዳን ነው የፈነዳው። ፓክ ኡሶፍ ልጆቹን ቁርአን ሲያስቀራ ስለ ማታለል ሊነግራቸው ፈልጎ ያንተን ስም ጠራ። አይና እጇን አውጥታ፣ “አጎቴ ማዝላን አይዋሽም” አለችው። “ዝም በይ” ሲላት “አይዋሽም!” ብላ ጮኸች። ከክፍል አስወጣት። ልናፈጥር ተቀምጠን ተምር እያነሳን ሳለ ነገረችን።

“በትልቅ ሰው ላይ ይጮሃል?” አለች ሱራያ። “ዝም ብለሽ ብይ።”

“ግን ልክ ነኝ አይደል፣ አባ? አጎቴ ማዝላን ነው መኪና ውስጥ ሰላምታ ያስተማረኝ። እሱ እንደዚያ ያደርጋል?”

አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ተምሩ አፌ ውስጥ ነበር።

“ልክ ነሽ” አልኳት።

ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። ልጆቹ ፊት ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሱራያ ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ሉክማንን አቅፋ ብድግ አለች።

“ካክ ሮኪያ ደጄ ላይ ቆማ ስሟን ስትጠራልኝ፣” አለች፣ “ቴሌቪዥኑን የጨመርከው አንተ ነህ።”

“አዎ።”

“እኔ አራስ ሆኜ የሰውን ልጅ ከደጄ ስመልስ ተቀምጠህ አየኸኝ።”

“አዎ።”

“ቪዛውን አትንገረኝ። ስለ ቪዛ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። ‘ግቢ’ ማለት እኮ ቪዛ አይፈልግም ነበር።”

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከአይና ጋር ነው የምትተኛው።

በሚቀጥለው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ተነስቼ ቆምኩ። ለናንተ የነገርኩትን ሁሉ በዚያው ቅደም ተከተል ነገርኳቸው። ፓክ ኡሶፍ ከፊተኛው ረድፍ ዞሮ፣ “ያንን ሰውዬ የረገምኩት በውሸት ነው?” አለ። “በእኔ ውሸት ነው” አልኩት። ሽማግሌው እዚያው ቁጭ አለ፤ ሁለት ሰዎች ደግፈው አወጡት። በማግስቱ ቤታችን መጣ። እኔን ሰላም አላለኝም። አይናን አስጠራና፣ “ያስወጣሁሽ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ ነይ፣ ቦታሽ አለ” አላት። አንዳንዶቹ አሁንም መንገድ ላይ ሲያዩኝ ይሻገራሉ። ልክ ናቸው።

ለተቆጣጣሪዎቹም ጻፍኩ። ጠርተው ሁለት ሰዓት ጠየቁኝ። ግራንት መጀመሪያ ካደ። ከሌላው ክፍል መጥተው ያረዱት ሁለቱ ሰዎች ግን እንደኔ አልዋሹም፤ እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀንም ብለው ያረዱትን አረድን አሉ። አሁን እሱም ከሥራ ታግዷል። የእኔንም ካርድ ወስደዋል፤ ስሰጣቸው እጄ ቀለለኝ ብል እዋሻለሁ፤ ነገ ምን እንደምንበላ ነበር የማስበው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሦስት ወረቀቶች አሉ። አንደኛው ተቆጣጣሪዎቹ ያንተን ስም ነጻ ያወጡበት ነው። ሁለተኛው የመስጊዱ ሰዎች የፈረሙበት የይቅርታ ደብዳቤ ነው፤ ከላይ ያለው የተንቀጠቀጠ ፊርማ የፓክ ኡሶፍ ነው። ሦስተኛው ባዶ ቅጽ ነው። ካርድህ እንዲመለስልህና ወደ ቦታህ እንድትመጣ ከፈለግህ ትሞላዋለህ። ቦታው እስከ ሰኔ መጨረሻ ሰው አይቀጠርበትም ብለዋል።

ሱራያ በሚቀጥለው የትምህርት ቤት ዕረፍት ልጆቹን ይዛ ትመጣለች። ከኮታ ባሩ አውሮፕላን ማረፊያ በታክሲ እናንተ ጋ ፓሲር ማስ ድረስ ለመምጣት አስባለች። እንድነግራችሁ አልላከችኝም፤ ትኬቱን ጠረጴዛ ላይ አይቼ ነው። ካክ ሮኪያ፣ ማየት ካልፈለግሽ ከአሁኑ ደውይላት፤ ትረዳሻለች። እኔ አልመጣም። ካልጠራችሁኝ በስተቀር ደጃችሁን አልረግጥም።

ይቅርታ አድርጉልኝ ብዬ አልለምናችሁም። ብለምናችሁ አባንግ እሺ ይለኛል፤ አውቀዋለሁ፤ እሺ ማለት አመሉ ነው። ስለዚህ አልለምንም።

ቅጹን ግን ቶሎ አትጣሉት። አባንግ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የልጅ ልጆቹን ትቶ ወደዚህ ብርድ እንደማይመለስ ይገባኛል። ቢሆንም ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ አንቺን አማክሮ፣ በገዛ እጁ “አልፈልግም” ብሎ ይጻፍበት። ያኔ ከሥራው ሲወጣ ፈቃዱን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ሮስዲ ቢን ሃምዳን
ቢንደሪንግ፣ ምዕራብ አውስትራሊያ