ሎራን የሚሰማው ድምፅ

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

የውጭውን ተከታታይ ፊልም፣ የ«ጨረቃ ማዶ»ን አምስተኛ ክፍል በአማርኛ ድምፅ ቀረጽን። መስኮቱ ተዘግቶ፣ ቬንትሌተሩ ጠፍቶ፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሎ... በድሬ መጋቢት። ላቤ የትርጉሙ ወረቀት ላይ ተንጠባጠበ። ጓደኛዬ ሙስአብ ደግሞ ረመዳን ይጾማል፣ ውሃም አይቀምስም። ጉሮሮው ደርቆ የካፒቴን ሎራን ድምፅ ጎርነን ብሎ መጣለት። «አቦ፣ ዒድ ካለፈ በኋላ ይሄን ድምፅ ከየት አመጣዋለሁ?» ይላል።

እንደተለመደው ትርጉሙ የኔ፣ የሴቶቹም ድምፅ የኔ። ወንዶቹን በሙሉ እሱ ይጫወታል። አቀናብሮ ዩቲዩብ ላይ የሚጭነውም እሱ ነው።

በዚህ ክፍል ሎራን ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ መስማት ጀመረ። የጠፈር መርከቧ ሐኪም ለሠራተኞቹ ታስረዳለች። ስለ አእምሮ ሕመም፣ ስለ መድኃኒት... ረጅም ነው፣ ከአፏ ጋር አልገጥም አለኝ።

«‹ካፒቴናችን አብዷል› በያ በቃ» አለ ሙስአብ።

አልኩ። ልክክ አለ።

ስንወጣ ወንድሜ ይትባረክ በረንዳው ላይ የጎረቤት ቬንትሌተር ፈታቶ ተቀምጧል። ሰምቶን ይሆን? የከዚራ ሰፈር አሮጌ ቤቶች ግድግዳ ወፍራም ነው... ደግሞ ወንድሜ አሁን ደህና ነው። ክኒኑን በየቀኑ ይውጣል። ድሮ ፊዚክስ ያስተምር ነበር፣ ከታመመ ወዲህ የሰፈሩን ቬንትሌተር ይጠግናል። ስለ ሕመሙ ቤታችን ውስጥ አይወራም።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ተጫነ። ሰዉ ወዶታል። ከሁሉ በላይ የወደዱት የሙስአብን ሳቅ። ሎራን ድምፁ በመጣበት ቁጥር ሂሂሂ ብሎ የሚስቀውን። ዋናው ላይ የለም፣ ሙስአብ ነው የጨመረው። «የእብዱ ሳቅ ይደገም!» የሚል መዓት አስተያየት።

እኔም ሳቅሁ።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ምሳ ላይ ነን። ይትባረክ ጉርሻውን እየጠቀለለ፣ ቀና ሳይል...

«ድምፁ እንደዚያ አይደለም።»

«የቱ ድምፅ?»

«ሎራን የሚሰማው። ከዋሻ የሚወጣ አስመሰላችሁት።»

«ዋናው ፊልም ላይም እንደዚያ ነው እኮ።»

«እነሱም አያውቁትማ። እኔን ሲጠራኝ ልክ እንደ እማዬ ነበር። ከጓዳ። ‹ይትባረክ› ብቻ። አቤት ብዬ እሄዳለሁ... እማዬ የለችም።»

እማዬ ሰሃኗን ይዛ ተነሳች። ከዚያ ጓዳ ውስጥ ውሃ ሲፈስ ሰማሁ፣ ብዙ ቆየ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ እንዲህ ብሎ ነግሮን አያውቅም። ጠይቀነውስ እናውቃለን?

መጋቢት 22፣ ሰኞ

የዒድ ማግስት። ሙስአብ እረፍት ላይ ነው። ሰባተኛውን ክፍል ብቻዬን አየሁ።

ሎራን መድኃኒቱን በመርከቧ ቀዳዳ ወደ ሕዋው ይወረውራል። ከዚያ ድምፁ ጥርት ብሎ ይመጣለታል። ለካ እውነት ነበር! ከጨረቃ ማዶ ያሉ ፍጥረታት ናቸው ሲጠሩት የነበሩት። መንገድ ያሳዩታል። መርከቧ ከመጋጨት ትተርፋለች። ያቺ ሐኪም ይቅርታ ትጠይቀዋለች።

አለቀስኩ። ቆንጆ ነው። የሚያናድደውም ቆንጆ መሆኑ።

ይትባረክ ይህን ያያል?

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ቀረጽነው። መድኃኒቱን የሚወረውርበትን ቦታ በቃላት ላለዝበው ሞከርኩ። እንዴት ተደርጎ? ብልቃጡ እየተሽከረከረ ሲሄድ በጉልህ ይታያል።

«ይህቺን ብንቆርጣትስ?» አልኩት።

«ወላሂ ሰዉ ይበላናል። ታሪኩ እሷ ናት። ፊልም ነው እኮ፣ አንቺ የምሥራች።»

ፊልም ነው። እሺ።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

ይትባረክ ሰባተኛውን ደጋግሞ ያየዋል። «ጎበዝ ነው» አለኝ ስለ ሎራን።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ቤቱ ደምቋል። ይትባረክ ያወራል፣ ይቀልዳል። ለሠፈር ልጆች ስለ ጨረቃ ስበት በጠመኔ መሬት ላይ እየሣለ አስረዳ። እማዬ ደስታዋን መደበቅ አቃታት፣ «ልጄ ተመለሰ» ትላለች።

እኔ ግን አልተመቸኝም። ዓይኑ ቀልቷል። መኝታው እንደተነጠፈ ነው የሚያድረው። አንድ ቬንትሌተር ሳይጨርስ ሌላ ይፈታል። በረንዳው በክንፍና በሽቦ ተሞልቷል።

«ክኒንህን ወስደሃል?»

«አልፈልገውም» አለኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። «ጭንቅላቴ ጠርቷል።»

ለእማዬ ነገርኳት። ሐኪም ቤት እንሂድ ብንለው እምቢ አለ። ሁለታችንም ለመንነው። እምቢ።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

የዛሬውን ልጻፈው።

ጠዋት ይትባረክ የለም። ስልኩ አልጋው ላይ። እማዬ በቤተ ክርስቲያን በኩል ሄደች። እኔ ለሙስአብ ደወልኩ። ታይዋን ገበያ ያለውን ሱቁን ዘግቶ ባጃጅ ይዞ መጣ። በየሰፈሩ ዞርን። በመጨረሻ አንዷ ጫት ሻጭ «ያ ቬንትሌተር ሠሪው? ወደ ደቻቱ ወርዷል» አለችን።

ወንዙ መሀል፣ አሸዋው ላይ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ በሸሸበት ቀትር። ደቻቱ ደረቅ ነው፣ ግን ወደ ደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ተራራው ላይ ከዘነበ ጎርፉ እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ነው የሚደርሰው። ይህን ድሬ ያደገ ሁሉ ያውቃል። እሱም ያውቃል።

«ይትባረክ ተነስ፣ እንሂድ።»

«ተቀመጥ ተብያለሁ።»

«ለምን?»

«አላለኝም።»

ልጎትተው እጁን ያዝኩ፣ መነጨቀኝ። እንደዚያ አድርጎኝ አያውቅም። ምን ልበለው? ከዚያ አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩት...

«ሎራንን መንገድ አሳዩት። መርከቧን አተረፉለት። ያንተስ? ምን አሳየህ?»

እውነት እያሰበ ነበር። የፊዚክስ ተማሪዎቹ ሲጠይቁት እንደሚያስበው።

«የኔ... ተቀመጥ ብቻ ነው የሚለው» አለ።

ሙስአብ አጠገቡ ተቀመጠ። በዚያ በሚጠብስ አሸዋ ላይ፣ በዚያ ንጹሕ ሱሪው።

«አንተ ምን ትሠራለህ እዚህ?» አለው ይትባረክ።

«አንተ ካልተነሳህ አልነሳም።»

«ፀሐይ ይመታሃል።»

«ይምታኝ።»

ቆዩ። እኔ ሰማዩን አያለሁ። የሙስአብ ግንባር በላብ ራሰ፣ ፊቱ ቀላ። ይትባረክ ደጋግሞ ያየዋል።

«ይሄ ሰውዬ ሊታመም ነው» አለኝ በመጨረሻ። ክንዱን ይዞ አነሳው። ተነሱ። ወደ ዳር ወጣን።

ጎርፉ አልመጣም። ነፋስና አቧራ ብቻ ሆኖ ቀረ። ባጃጁ ወደ ሆስፒታል ሲታጠፍ ይትባረክ እምቢ አላለም፤ እኔ ግን አሁንም ዞሬ ሰማዩን አይ ነበር።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

ሆስፒታል ተኝቷል። የምታክመው ዶክተር ሃምዳ ትባላለች፣ በሶማሌኛም በኦሮምኛም በአማርኛም ሰው ስታናግር ዋለች። ተራዬ ሲደርስ ሲከነክነኝ የነበረውን ጠየቅኋት።

«እኛ የተረጎምነው ፊልም ነው ያሳመመው?»

«ሕመሙ ከፊልሙ በፊትም ነበረ» አለችኝ። «መድኃኒቱ እጁን እንደሚያንቀጠቅጠው ነግሯችኋል?»

አልነገረንም።

«ትንንሽ ብሎን መያዝ አቅቶት ነበር። ከተወው ቆይቷል ማለት ይከብዳል፣ ሊተወው ግን ይፈልግ ነበር። ፊልሙ ምክንያት ሰጠው።»

ምክንያት ሰጠው። ቀላል አይደለም ይህም... መድኃኒቱን በሌላ ቀየረችለት።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ

ፋሲካ። ዶሮውን በሳህን ይዘን ሆስፒታል ገባን። እንቁላሉን ብቻ በላ። ተኛ።

ግንቦት 3፣ እሑድ

ይትባረክ ቤት ከገባ ሰነበተ። ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ ብዙ ይተኛል። እጁ ግን አይንቀጠቀጥም። ዛሬ አንድ ብሎን በጣቱ ይዞ በብርሃን ሲያያት አገኘሁት።

ተመልካቾች ይጮሃሉ። «እብዱ የት ጠፋ?» «ስምንተኛው መቼ ነው?» ሙስአብ መጣና «እንተወው፣ ሌላ ፊልም ሞልቷል» አለ። ተስማማሁ።

ይትባረክ ከበረንዳ ሰምቶናል።

«አታቋርጡ። እኔም መጨረሻውን ማየት እፈልጋለሁ።»

«አንተን እኮ...» አልኩ።

«እኔን ደብቃችሁ ልትሠሩት ነው? ከዚያ ይልቅ እዚህ ሆኜ ብሰማ ይሻላል።»

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ስምንተኛው። መርከቧ ተርፋለች፣ ድምፁ ግን ሎራንን ማስጨነቁን ቀጥሏል። ይትባረክ ከእኛ ጋር ውስጥ ተቀመጠ። ሐኪሟ ስለ ሎራን የምታወራበት ቦታ ስደርስ «አብዷል» የሚለው ቃል ላይ ቆምኩ።

«ታሟል በያ» አለ ይትባረክ። «ሁለቱም ቃል አጭር ነው። አፏ ይገጥማል።»

ሞከርነው። ገጠመ።

ከዚያ የሙስአብ ሳቅ ቦታ ደረሰ። ሙስአብ እኔን አየኝ፣ ይትባረክን አየው።

«ሰዉ ይጠብቀዋል አቦ...»

«እስካሁን ሎራን ስንት ጊዜ ሳቀ? ዋናው ላይ?» አለ ይትባረክ።

ሙስአብ አሰበ። «አልሳቀም።»

«ፈርቶ ነው የሚውለው እኮ። ደጋግመህ እየው።»

ሙስአብ ወደ ኋላ መልሶ አየው። ድምፁን አጥፍቶ፣ ፊቱን ብቻ። ከዚያ ያለ ሳቅ ቀረጸ። ተመልካች ቅር ይለዋል፣ አውቃለሁ። «ትርጉሙ ደርቋል» የሚል ይመጣል።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

መጣ። «ደርቋል»፣ «እብዱን መልሱልን»። አንዲት ሴት ደግሞ፣ ሳሕራ የምትባል... «ባለቤቴ እንደ ሎራን ነው። ዛሬ አብረን አየነው» ብላ ጽፋለች።

ለእማዬ አነበብኩላት። «ደግመሽ አንብቢው» አለችኝ።

ግንቦት 28፣ ሐሙስ

ሙስአብ ጉንፋን ይዞታል፣ ድምፁ ተዘግቷል። ለመጨረሻው ክፍል ሎራንን ማን ይጫወተው? «አንተ ተጫወተው» አለው ይትባረክን፣ እንደ ቀልድ። ይትባረክ አልሳቀም። የትርጉሙን ወረቀት ተቀበለውና ይለማመድ ጀመር።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

መጨረሻውን ቀረጽን። ቬንትሌተር ጠፍቶ፣ ሦስታችንም በላብ ተነክረን።

ደራሲዎቹ ምን እንዳደረጉ... ሎራን ከጨረቃ ማዶ የሚመጣ ሰማያዊ ብርሃን ይነካውና ይድናል። ባንዴ! ይትባረክ ከት ብሎ ሳቀ፣ ቀረጻው ተበላሸ። «ይሄን ብርሃን ዶክተር ሃምዳ ሰምታለች?» አለ። ሙስአብ ሳል እስኪያፍነው ሳቀ። እንደገና ጀመርን።

የመጨረሻዋ ትዕይንት ላይ ሎራን መሬት ተመልሷል። እህቱ በር ላይ ትቀበለዋለች። እህቱ እኔ ነኝ።

«አሁንም ይጠሩሃል?» አልኩ።

የተረጎምኩት መልስ «ጠፍተዋል፣ ድኛለሁ» የሚል ነው። ወረቀቱ ፊቱ አለ። ይትባረክ ወረቀቱን አላየም።

«አንዳንዴ» አለ ማይኩ ላይ፣ በራሱ ድምፅ። «ሲጠሩኝ ግን መጀመሪያ አንቺን እጠይቅሻለሁ።»

የሎራን አፍ «አንዳንዴ» ላይ ተከድኗል። በሩ ሲዘጋ፣ ሙዚቃው ሲገባ፣ የይትባረክ ድምፅ ገና እየተናገረ ነበር።

ሙስአብ ጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ። «ከምስሉ አልፏል። ይደገም?» አለኝ።

«እንዳለ ተወው» አልኩት።