በአሮጌው መዝገብ ላይ ያለው ስም

ሐርጌሳ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 9

ዛሬ ተኩሱ ጋብ ሲል ለልጄ ለሆዳን ሁለቱን የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዞሬ አየሁ። የላይኛው ትምህርት ቤት ጣሪያ የለውም፤ ተማሪው የሚቀመጥበትን ድንጋይ ይዞ ይመጣል። የታችኛው ቆርቆሮም ወንበርም አለው። እዚሁ ትማር ብዬ ቆረጥኩ።

ርዕሰ መምህሩ መዝገብ አወጡ። ወረቀት ስለሌለ ከዓመታት በፊት ከተማዋን ካፈረሳት የአየር ድብደባ ቀደም ብሎ የነበረውን ነው የሚጠቀሙበት፤ ያልተመለሰውን ተማሪ ሰርዘው አዲሱን ከጎኑ ያስገባሉ። እስክሪብቷቸው አንድ ስም ላይ ቆመ።

"ይሄኛው የት እንደደረሰ አይታወቅም። ከሱ ሌላ ክፍት ቦታ የለኝም። እዚህ ላይ ላስገባት?"

የታናሽ ወንድሜ ስም ነው! እኔ ድሬዳዋ ሳድግ እሱ እዚህ አባታችን ጋ ቀረ፤ ከድብደባው ወዲህ ወሬው የለም።

"አይሰርዙት፣ ኢንሻአላህ ይመጣል" አልኳቸው።

ሆዳን ነገ ድንጋይዋን ይዛ ወደ ላይኛው ትሄዳለች።