ሁለት ደቂቃ ከዐሥራ አራት ሰከንድ

ለታናሽ እህቴ፤

ይህ ደብዳቤ ስፌትሽን አስቁሞ ሳይሆን እረፍት ላይ እንዳለሽ ያግኝሽ። ዓይንሽ እንዴት ሆነ? መነጽሩን ማድረግ ጀመርሽ ወይስ አሁንም ክሩን በግምት ነው የምታስገቢው? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል እንጂ ሌላ የሚያማርረኝ የለም።

ዘፈንሽ የዓመቱ ምርጥ ዘፈን ተብሎ መሸለሙን ከራዲዮ ሰምተሻል። ያልሰማሽውን ልንገርሽ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሽልማቱ አዳራሽ ለአንቺ የተያዘው ወንበር አጠገቤ ባዶውን ነበር፤ ቦርሳዬን እንኳ አላስቀመጥሁበትም። ዘንድሮ ዘፈንሽን እንደገና ያወጣችው ወጣት ዘፋኝ «መጋረጃውን ግለጥና ና» ብላ «ና» ላይ ድምፅዋን ስትይዝ ሙዚቀኞቹ ሁሉ እጃቸውን አነሡ። ከዚያ ሦስት ሺህ ሰው ባንድ ላይ «እህ…» ብሎ ተነፈሰ። ማንም አላዘዘውም። አየሩ ሲንቀሳቀስ ጉንጬ ላይ ተሰማኝ። በሰባ አራት ዓመቴ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።

ያ ትንፋሽ ከየት እንደ መጣ ሕዝቡ አያውቅም። እኔና አንቺ ግን እናውቃለን ብለን አርባ አንድ ዓመት ኖረናል።

ዘፈኑ የወጣልሽ መጋረጃ ስትሰፊ ነበር። ምቱ የስፌት መኪናሽ ፔዳል ነው፤ ማዕዘኑ ጋ ስትደርሺ ጨርቁን እስክታዞሪ ድረስ ድምፅሽን ትይዢ ነበር። እኔ ያኔ የራዲዮ ጣቢያው ቴፕ ጠባቂ ነበርሁ። አለቃውን ለምኜ የመቅጃ ክፍሉን ለግማሽ ሰዓት አስፈቀድሁልሽ። ቀዩን መብራት ያበራሁት እኔ ነኝ። ማንም እንዳይገባ ጫማዬን አውልቄ ከውስጥ በሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ የተቀመጥሁትም እኔ ነኝ። ጊታር መቺው በመስታወቱ ማዶ ሆኖ፣ እዚህ ቤት ዝንብም የሚገባው እትዬን አስፈቅዶ ነው እያለ ሲያሾፍብኝ አንቺ በሣቅ ፈረስሽ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ዘፈንሽው።

የቴፑ ጉድለት የሚጻፍበትን ቅጽ ሞላሁ፦ «ሁለት ደቂቃ ከዐሥራ አራት ሰከንድ ላይ፣ የዘፋኟ ትንፋሽ።» አለቃው ቴፑን መስማት እንኳ አላስፈለገውም። እሷ ከጻፈችው ልክ ነው አለና፣ ትንፋሿን መግዛት ያልተማረች ዘፋኝ ለስርጭት አትሆንም ብሎ ፈረመበት። አንቺም አመንሽ። እኔ አልሳሳትማ! በር ላይ ቆመሽ፣ ትንፋሼን እንኳ አስመዘገብሽብኝ ብለሽኝ ሄድሽ። ከዚያን ቀን ወዲህ መኪናሽ ላይ ጎንበስ ብለሽ እንኳ ስታንጎራጉሪ ሰምታሽ እንደማታውቅ ልጅሽ ነግራኛለች።

ቴፑ መደርደሪያዬ ላይ ቀረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ባለሪዙ ዘፋኝ ሰማውና አንቺ ዘንድ መጣ፤ ውሰደው፣ ለእኔ መርፌው ይበቃኛል አልሽው። ሰውየው ትንፋሹ የዘፈኑ አካል መስሎት እሱም ተነፈሰ። ድንች ተሸክሞ ፎቅ የወጣ ሰው ይመስል ነበር። ሰው ግን ወደደው። ቀጥሎ የሆቴል ባንዶቹ አንዱን ትንፋሽ አምስት አደረጉት። አንድ ቀን ደግሞ ከገበያ ስመለስ ሴቶች ልጆች ገመድ እየዘለሉ ሲዘፍኑት አየሁ። «ና» ላይ ገመዱን ቀጥ አድርገው «እህ…» ብለው እንደገና ይጀምራሉ። አንቺ ስትዘፍኝው እናታቸው እንኳ አልተወለደችም ነበር። ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ ደርቄ ቀረሁ።

ይቺ ቅዳሜ የዘፈነችው ወጣት ናት ቤቴ ድረስ መጥታ፣ እማማ፣ ሁሉም ሰው እዚህ ቦታ ላይ ለምንድን ነው የሚተነፍሰው ብላ የጠየቀችኝ። ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቀም። ጣቢያው ድረስ ወስጄ የመጀመሪያውን ቴፕ አሰማኋት። ሰምታ ስታበቃ የተናገረችው፣ እኔ እስካሁን ስዘፍን አልነበረም ማለት ነው፣ የሚል ነው።

አሁን የአንቺን ቅጂ ራሱን አጽድተው ሊያወጡት ነው። ማክሰኞ ዕለት የድምፅ ባለሙያው አስጠርቶኝ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። መሣሪያው ድምፆቹን አንድ በአንድ ይለያቸዋል። «ና»ሽን ብቻውን ሰማሁት። ከዳር እስከ ዳር አልተቆረጠም፣ አልተንቀጠቀጠም፤ ውሃ ልክ ተይዞለት የተሠራ ነው የሚመስለው። ትንፋሹ ከላዩ ለብቻው ነው። ባለሙያው፣ እማማ፣ ሰው ድምፁን እንደ ያዘ መተንፈስ አይችልም፣ ይሄ የእሷ አይደለም፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ማን ነበር አለኝ።

ክፍሉ ውስጥ አንዲት ወንበር ብቻ ነበረች አልሁት። ማዳመጫውን ከጆሮዬ ቀስ ብሎ አወለቀልኝ።

እህቴ፣ እኔ በሰባት ዓመቴ ዝምታን በማስመሪያ እየተመታሁ የተማርሁ ሰው ነኝ። በሕይወቴ ያንን ትምህርት የረሳሁት አንድ ጊዜ ነው። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ቅጹን ከመዝገብ ቤት አስወጥቼ ትናንት አስተካከልሁት። «የዘፋኟ» የሚለውን ቃል በቀይ ሰርዤ፣ ትክክለኛውን ከላይ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። የፊርማዬን ቀን ብታዪው በጣም ዘግይቷል።

ዘፋኟ አንቺን ራስሽን መቅዳት ትፈልጋለች። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ እዚያው ክፍል። ፔዳሉ እንዲሰማ የስፌት መኪናሽንም አምጪ ብላለች፤ የሚያመጣችሁ መኪና ይልካሉ። አልመጣም ብትዪ መብትሽ ነው፤ አልቆጣም። ብትመጪ ግን አንድም ነገር አይረብሽሽም።

ዓይንሽን ያብራልሽ፣ ጣትሽን ከመርፌ ይጠብቅልሽ፣ ለልጅሽም ዕድሜ ይስጥልሽ።

ወንበሯ አሁንም እዚያው በሩ አጠገብ ናት። ሐሙስ ዕለት ወደ ኮሪደሩ አወጣታለሁ።

ታላቅ እህትሽ