የመሪጌታ ልጅ ሸክላ

ኅዳር 4
ጠዋት ከወንዙ ዳር የሸክላ አፈር አመጣሁ። ነፋሁ፣ አቦካሁ። ትናንት ካቃጠልኋቸው ድስቶቹ ደኅና ወጡ... እንስራው ግን አንገቱ ላይ ተሰነጠቀ። ምን አጠፋሁ? የሚነግረኝ የለም። አራት ዓመት ብቻዬን ስሞክር ነው የተማርሁት።

ኅዳር 7
አባዬ ከይፋግ ደወሉ። የዓይናቸውን ሞራ ሊያስገፍፉ ባሕር ዳር ሊመጡ ነው። እኔ ቤት ያርፋሉ። "ትንቢት፣ ሱቅሽ እንዴት ነው?" አሉኝ። ደኅና ነው አልሁ... ሱቅ ከፍቻለሁ ብያቸው ነበር እንጂ ሱቅ የለኝም። የመሪጌታ ጥዑመ ልሳን ልጅ ጭቃ ታቦካለች ቢባል፣ ያውም ሸክላ ሠሪን ቡዳ በሚል አገር...

ኅዳር 11
ሸክላውን ሁሉ ጎረቤቴ ኡሙልኸይር ቤት አሸሸሁ።
"ሰርቀሽ ነው እንዴ የምትደብቂው?" አለችኝ።
ድስቶቹን አልጋዋ ሥር ደረደርሁ።

ኅዳር 14
አባዬ መጥተው አንዱ ዓይናቸው ተሠራ። በፋሻ ታስሯል። ሌላኛው ዓይን ከዱሮውም አያይም።
ምሳ በልተው ድስቱን ሳነሣ እጄን ያዙኝ። አንዱን ድስት ሳልደብቀው ረስቼው ኖሯል! ከሥሩ እስከ አፉ ዳበሱት።
"ከየት ገዛሽው?"
መዋሸት እችል ነበር... ሰለቸኝ።
"እኔ ነኝ የሠራሁት፣ አባዬ። ሱቅ የለኝም።"
ድስቱን አስቀምጠው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ኅዳር 15
ቀኑን ሙሉ ጸሎት። ለእኔ አንድ ቃል የለም። ተቀይመው ቢሄዱስ?

ኅዳር 16
ፋሻው ተፈታ። ከሐኪም ቤት እንደገባን "ድስቱን አምጪው" አሉ። መስኮት ዳር ቆመው አዩት... ብዙ አዩት።
"ጆሮው ጠማማ ነው።"
"አዎ፣ አባዬ።"
"ማን አስተማረሽ?"
"ማንም።"
"እኔ ድጓ ለመማር አሥራ አራት ዓመት የሰው ደጅ ጠናሁ። አንቺ ያለ መምህር..." ድስቱን በእጃቸው አገላበጡ። ከዚያ "ለምን ደበቅሽኝ?"
"ሰው ምን ይላል ብዬ።"
"እኔም ሁለት ቀን ሙሉ እሱን ሳስብ ነው የከረምሁ። ሰው ምን ይላል ብዬ። በራሴ አፈርሁ።"
እፎይ... አለቀስሁ፤ ግን እፎይ።

ኅዳር 18
ጠዋት መስኮቱን ከፍተው ይፋግ ደወሉ፣ ለደብራቸው አስተዳዳሪ ለአባ ሀብተ ሥላሴ። ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብለው።
"የጠበሉ ጋን ተሰብሯል አላላችሁም? አትግዙ። ልጄ ትሠራለች። አዎ፣ ትንቢት! በገዛ እጇ!"
ስልኩን ዘግተው ወደኔ ዞሩ።
"ጋን ሠርተሽ ታውቂያለሽ?"
"ኧረ አላውቅም!"
"እንግዲህ ይህንን ለአባ አልነገርኋቸውም" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከአራት ዓመት ወዲህ እሳቸው ፊት እንዲህ ስቄ አላውቅም።