ከቆዳ መጋዘኑ በታች ያለው ጅረት

ሰኞ፣ ጥር፣ ዳባት

ከመጋዘኑ በታች ምንም የለም። ድንጋይ ገለበጥኩ፤ ሌላም ገለበጥኩ። የሚያዳልጥ አረንጓዴ ነገርና ጥቂት ቀያይ ትሎች ብቻ። ከመጋዘኑ በላይ ግን ድንጋዩ ሁሉ ሕይወት ነው፦ ባለሦስት ጭራ ጠፍጣፋ ነፍሳት፣ አሸዋ እየለጠፉ ቤታቸውን የሚሠሩ ዕጮች። የሄድኩት ለማስተምረው የባዮሎጂ ክፍል ጥቂት ልይዝ ነበር። የታችኛውን ውሃ በጣቴ ቀመስኩት። ጨው ጨው ይላል። ለጥር ሰርግ የታረደው ከብት ቆዳ ሁሉ መጋዘኑ ውስጥ ጨው ተነስንሶበት ተከምሯል፤ ወለሉ ሲታጠብ ውሃው በቦይ በቀጥታ ጅረቱ ውስጥ ይገባል።

ማክሰኞ

ባለመጋዘኑን አቶ አዳነን አነጋገርኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወንበር አቀረቡልኝ። «ጨው እኮ ነው፣ መርዝ አይደለም። ከብቱም ይወደዋል» አሉ። ሠራተኞቹ ሳቁ። ከብት ጨው ይልሳል እንጂ ጨው ውስጥ አይኖርም አልኳቸው። ነፍሳቱ ድንጋዩ ላይ የሚበቅለውን ይበላሉ፣ ወፉ እነሱን ይበላል፤ እነሱ ካለቁ ጅረቱም አለቀ። «ይህ ሁሉ ለትል ነው?» አሉኝ። አዎ፣ ለትል።

ረቡዕ

ርዕሰ መምህሩ አስጠራኝ። አቶ አዳነ የወላጅ ኮሚቴ አባል ናቸው፤ ለአጥራችን ቆርቆሮ የሰጡትም እሳቸው። «አንቺ ክፍልሽን አስተምሪ» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። እያስተማርኩ ነው አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ከላይ የያዝኳቸውን ነፍሳት ለሁለት ከፈልኩ። ግማሹን በላይኛው ውሃ፣ ግማሹን በታችኛው ውሃ፣ በሁለት ብርጭቆ አኖርኩ።

ሐሙስ

በታችኛው ውሃ ያሉት አብዛኞቹ ሞተዋል። ብርጭቆዎቹን ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ አየና «በስብሰባ እናየዋለን» አለ። ስብሰባው መቼ ነው? እሱም አያውቅም።

ከመጋዘኑ በታች የሚኖሩት እማማ ትርንጎ ጋ ጎራ አልኩ። በጅረቱ ውሃ ልብስ ሲያጥቡ ሳሙናው አረፋ እምቢ ካላቸው ሰንብቷል። ብርጭቆዎቹን አተኩረው አዩና «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ።

ዓርብ

ቦዩን ደፈንነው። እማማ ትርንጎ፣ ጎረቤቶቻቸውና እኔ። በድንጋይና በጭቃ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ወለሉ ሲታጠብ ጨዋማው ውሃ ተመልሶ መጋዘኑ ውስጥ ተኛ። አቶ አዳነ እየሮጡ መጡ፤ እከስሻለሁ አሉኝ። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቋቸው እማማ ትርንጎ የደፈንነው ላይ ቁጭ አሉ። «እኔንም ጨምረህ ክሰስ፣ አዳነ።» አቶ አዳነ ዞረው ወደ መጋዘኑ ገቡ።

ቅዳሜ

አቶ አዳነ አዘዋቸው፣ ሠራተኞቹ ከመጋዘኑ ጀርባ ጉድጓድ እየቆፈሩ ነው። ላስቲክ ያነጥፉበትና የእጣቢው ውሃ እዚያ ይደርቃል። ወለሉ ላይ የሚቀረውም ጨው ከመታጠቡ በፊት በአካፋ ተጠርጎ ጆንያ ይገባል አሉኝ። አቶ አዳነ አይተውኝ ሰላም አላሉኝም። ይሁን።

ነፍሳቱ ይመለሱ አይመለሱ አላውቅም። ምናልባት ክረምት ገብቶ ጅረቱ ሲሞላ፣ ከላይ ተጠርገው ይወርዱ ይሆናል።

ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ሰኞ ቢሮ እንድገኝ ልኮብኛል። ሊያዛውሩኝም ይችላሉ። ይቅርታ ጠይቂና ይለፍ የሚሉኝም ይመስለኛል። ብቻዬን ሆኜ ቃሉን ልለማመደው ሞከርኩ፤ ከአፌ አልወጣ አለ።